ላፕቶፕና ምሳ ዕቃ በሳይክል፦ የኋላ መጫኛ ወይስ የፊት ቅርጫት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፤ ከቤት እስከ ሥራ ቦታ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ላፕቶፕ፣ ምሳ ዕቃ፣ ቅያሪ ልብስና የዝናብ ልብስ ተደምሮ 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በጀርባ ሲታዘል ሸሚዝ በላብ ይበሰብሳል። ሳይክሉ ባለ 26 ኢንች ጎማ ማውንቴን ነው። ከኋላ ጎማው እምብርት አጠገብ የመጫኛ ቀዳዳ አለው፤ ላይ፣ ከመቀመጫው ሥር ግን የለውም። ምን ልግዛ?

ባለቸርኬ፦
ቅርጫቱን ተወው፤ ለዳቦ ነው የሚሆነው። ከመሪው ጋር አብሮ ስለሚዞር 8 ኪሎ ሲጫንበት ቀስ ስትል መሪው ይጠመዘዝብሃል።

የኋላ መጫኛ ግዛ፤ እግሮቹ እስከ እምብርቱ የሚወርዱ ይሁኑ። በመቀመጫው ቱቦ ላይ ብቻ የሚታሰረው ዓይነት የጎን ቦርሳ ሲንጠለጠልበት ወደ ጎን ይዞራል። የሚችለው ክብደት ላዩ ላይ ይጻፋል፤ 25 ኪሎ የሚል ለአንተ ከበቂ በላይ ነው።

የላይኛው ቀዳዳ አለመኖሩ አያሳስብህ። በቴላዮው (በሳይክሉ አካል) ቱቦ ዙሪያ የሚጠመጠም፣ ውስጡ ላስቲክ ያለው የብረት ማሰሪያ ሁለት ይበቃሃል። ከሰፋ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ከሥሩ ጠቅልል። ሸክሙን የሚሸከሙት የታችኞቹ ቡሎኖች ናቸው፤ የላይኛው መጫኛው እንዳይወዛወዝ ይይዛል እንጂ።

የታችኞቹ ብዙውን ጊዜ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ናቸው። በሰንሰለቱ በኩል ያለውን አደራ! ረዝሞ ወደ ውስጥ ከወጣ፣ ሰንሰለቱ ትንሿ የኋላ ማርሽ ላይ ሲሆን ይነካዋል። በራስጌው በኩል ራንዴላ ጨምር፤ ካልሆነ በመጋዝ አሳጥረው።

ራጂ፦
ቡሎኑ የሚሰበረው መጀመሪያ ስለሚላላ ነው። ከላላ መጫኛው በየጉድጓዱ እየመታ ይቆርጠዋል፤ ግማሹ ቴላዮው ውስጥ ይቀርና እሱን ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው። ሰማያዊውን የቡሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርግበት፤ በሳምንቱ ደግመህ አጥብቅ።

ቦርሳውን ስትገዛ መጫኛውን ይዘህ ሂድ። መንጠቆው ከመጫኛው ቱቦ ከሰፋ ይንቋቋል፤ ከታች የሚይዘው ከሌለ ደግሞ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ተነቅሎ ይወድቃል። ካንጠለጠልከው በኋላ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙር፤ ተረከዝህ ከነካው ቦርሳውን ወደ ኋላ ግፋው። ትርፍ ማሰሪያ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ ራጂው (የቸርኬው ሽቦዎች) ውስጥ ከገባ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል።

ለሐምሌ ዝናብ ዚፕ አይታመንም። አፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ የሚዘጋው ይሻላል። ላፕቶፑን አቁመው፤ ንዝረቱ ከታች ስለሚመጣ ከሥሩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ አንጥፍ። ምሳ ዕቃው በሌላኛው ቦርሳ ይሂድ፤ ሽሮ ኪቦርድ ላይ ከፈሰሰ የሳይክል መካኒክ አያድንህም። ሁለት ቦርሳ ሲሆን ሚዛኑም ይጠበቃል፤ መቆሚያው በግራ ከሆነ ከባዱን በግራ ካደረግከው ስታቆመው ሊገለበጥ ይችላል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። የኋላ ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ ችግር አለው?

ባለቸርኬ፦
የመጫኛው እግር የፍሬኑን መያዣ ሊነካ ይችላል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ በመካከል ቀለበት ጨምረህ ረዘም ያለ ቡሎን እሰር። ክፍተቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ግን ቡሎኑ ይጎብጣል፤ ለዲስክ ተብሎ እግሩ ወደ ውጭ የተሠራውን ፈልግ።