የድሮ ማደያ ቦታ ሙሉ በሙሉ አልጸዳም፤ የግንባታ ፈቃድ እንዴት ይገኛል?

የቀሃ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላይ፣ ቀድሞ ነዳጅ ማደያ በነበረ ይዞታ ጂ+4 ሊሠራ ታስቧል፤ ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ። ታንከሮቹ ወጥተዋል፣ አፈሩም እስከ 4 ሜትር ተነሥቷል። ከዚያ በታች የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቤንዚኑ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል፣ ሽታው አልለቀቀም። በአንድ በኩል የጎረቤት ቤት ስላለ ጨምሮ መቆፈር አይቻልም። አማካሪያችን «ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ካልመጣ ፈቃድ የለም» ይላል። እንዲህ ያለ ቦታ የአካባቢ ጥበቃ ይሁንታ ያገኛል? ምንስ ይቅረብ?

አፈርና ውሃ
ያገኛል፣ ግን ጥያቄያችሁን ቀይሩ። «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ለዚህ ቦታ የሚፈርም ባለሙያ ካገኛችሁ እሱን ራሱን ጠርጥሩት። የምትጠይቁት «የቀረው ብክለት ይህ ነው፣ እዚህ ድረስ ነው፣ ሰውና ውሃ ጋ እንዳይደርስ በዚህ መንገድ ተይዟል፣ ለዚህ አገልግሎት ብቻ ይፈቀድልን» ብላችሁ ነው። አዋጅ 300/1995 በካዩ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል፤ እንዴትና በምን ያህል ጊዜ የሚለውን ግን ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው የተወው። ስለዚህ ሌላ ሥራ ሳትጀምሩ በየትኛው መለኪያ እንደሚወሰን በጽሑፍ ተስማሙ። በቃል የተባለ ነገር ባለሙያው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

አሜሪካኖቹ ሱፐርፈንድ ለሚሏቸው፣ በመንግሥት ፕሮግራም ለሚጸዱ ክፉኛ የተበከሉ ቦታዎች ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚህ መመሪያ አላቸው፤ ማጽዳቱ በቴክኒክ እንደማይቻል በመረጃ ከታየ የጽዳት ግቡ ግዴታ መሆኑ ይቀራል፣ ብክለት የቀረበት ቦታ ግን ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይፈተሻል። የእናንተም ፋይል የሚያሳምነው በዚሁ መንገድ ነው፤ «አልቻልንም» ብቻ አይበቃም። ውሃው ላይ ከተንሳፈፈው ነዳጅ በሳምንት ስንት ሊትር ከጉድጓድ በፓምፕ ተቀዳ? እየቀነሰ ሄዶ የት ላይ ቆመ? ፓምፑ ሲቆምስ ተመልሶ ጨመረ? ብዙ ፋይል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ በቆመ ማግስት ናሙና ይወሰድና «ወርዷል» ይባላል፤ ከወራት በኋላ ከስንጥቁ እየወጣ ይመለሳል። ፓምፑ ከቆመ በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ ይለፍ።

ክረምቱን የምለው በምክንያት ነው። በሚያዝያ ምንም ያልታየበት ጉድጓድ በነሐሴ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል ቤንዚኑን ከላዩ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ናሙና በግንቦት መጨረሻና በመስከረም ይወሰድ። የክትትል ጉድጓድ ከ3 አይነስ፣ በሁለት ነጥብ የውሃው አቅጣጫ አይታወቅምና፦ አንዱ ከማደያው በላይ፣ ሁለቱ ወደ ወንዙ በሚወርደው በኩል። ቀሃም አንገረብም መጨረሻቸው መገጭና ጣና ስለሆነ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደግሞ ውሃ ድንጋይ ውስጥ የሚሄደው በስንጥቁ እንጂ በመሬቱ ተዳፋት አይደለም፤ በሰፈሩ የእጅ ጉድጓድ ካለ ሽቅብ ያለውም ይመርመር።

ብልቃጥ
ናሙናውን በሃይላንድ ፕላስቲክ ከላካችሁ ገንዘባችሁን ጣላችሁ። የሚፈለገው ኬሚካል፣ ነዳጁ ውስጥ ያለው ቤንዝን፣ ይተናል። 40 ሚሊ ሊትር የብርጭቆ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ውስጥ ቴፍሎን ያለው፣ እስከ አፉ ሞልቶ ይዘጋ። ገልብጣችሁ መታ መታ ስታደርጉት አረፋ ከታየ ድገሙት። በበረዶ ሳጥን 4 ዲግሪ አካባቢ ይጓዝ፤ አሲድ ካልተጨመረበት በ7 ቀን፣ ከተጨመረበት በ14 ቀን ውስጥ ይመርመር። በንጹሕ ውሃ የተሞላ አንድ ብልቃጥ አብሮ ሄዶ ይመለስ፤ በመንገድ ላይ መኪናው ራሱ በክሎት እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ማደያው ከ2006 (እ.ኤ.አ.) በፊት ይሠራ ከነበረ እርሳስም ይታይ፣ ያኔ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር። የእርሳሱ ናሙና እዚያው ይጣራ፤ ካልተጣራ ጭቃው ቁጥሩን ያንረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ለቤንዝንም ለእርሳስም በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው።

ሶሌታ
ከግንባታው በኩል፦ ቤዝመንት እርሱት። ምድሩንም ሱቅ ከማድረግ ጎኑ ክፍት የሆነ መኪና ማቆሚያ ብታደርጉት ፈቃዱ ይቀላል፤ ሱቅ ሌሊቱን ተዘግቶ ስለሚያድር ትነቱ እዚያው ይጠራቀማል። ሱቅ ግድ ከሆነ ከምድር ሶሌታው በታች 20 ሳንቲ 02 ጠጠር፣ በውስጡ ቀዳዳ ያለው 110 ሚሊ ፒቪሲ ቱቦ፣ ከዚያ ከጣሪያ በላይ አንድ ሜትር የሚወጣ ቱቦ፤ ከመስኮትና ከውሃ ሮቶ ይራቅ። ከጠጠሩ ላይ 1.5 ሚሊ ኤችዲፒኢ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ሽፋን፣ መገጣጠሚያው በሙቀት የተበየደ። ተራ የግንባታ ናይለን ፌሮ ሲታሰር ይቀደዳል። ቧንቧ ሽፋኑን የሚበሳበት ቦታ ሁሉ ዙሪያው ይታሸግ፣ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ከሥር ጭስ ተነፍቶ ይፈተሽ።

ሰው የሚረሳቸው ሁለት ነገሮች፦ የመጠጥ ውሃ መስመር በዚያ አፈር ውስጥ ፕላስቲክ አይሁን፣ ቤንዝን የፕላስቲኩን ግድግዳ አልፎ ይገባል፤ ብረት አድርጉት። ሴፕቲክ ታንኩም ውሃ የማያስተላልፍ ይሁን። ወደ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድ ከቆፈራችሁ የተያዘውን ብክለት በየቀኑ ወደ ታች ትገፉታላችሁ።

የቀሃ ልጅ
እግዜር ይስጥልን። የአጠቃቀም ገደቡ የይዞታ ካርታው ላይ ይጻፍ ወይ? ባለቤቶቹ ዋጋ ይቀንሳል ብለው አልተስማሙም።

አፈርና ውሃ
ይቀንሳል፣ ቢሆንም ይጻፍ። የውሃ ጉድጓድ አይቆፈርም፣ ሶሌታው ያለ ፈቃድ አይበሳም፣ የክትትል ጉድጓዶቹ አይደፈኑም፣ ምድሩ መኖሪያ አይሆንም፤ አራቱ ይበቃሉ። ሱቅ ተከራይ ወለል ሰብሮ ቧንቧ ሲቀጥል ሁሉ ነገር ስለሚፈርስ በኪራይ ውሉም ይግባ። የክትትሉን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ቦታው ቢሸጥ ግዴታው ለማን እንደሚተላለፍም ይገለጽ። ያለዚህ ፋይሉ ደጋግሞ ይመለሳል።

ብልቃጥ
የተነሣው አፈርስ የት ነው ያለው? ወንዝ ዳር ተደፍቶ ከሆነ ሌላ ጥፋት ነው። አዋጅ 1090/2010 አደገኛ ቆሻሻን ስለሚመለከት ከማጓጓዛችሁ በፊት ጠይቁ። እዚያው ካለ በወፍራም ናይለን ላይ ከ1.5 ሜትር ባልበለጠ ቁመት ተቆልሎ፣ ለክረምት ተሸፍኖ፣ በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጥ። በኪሎ 5 ግራም ነዳጅ ላለበት አፈር ለ1 ሜትር ኩብ 1.5 ኪሎ ያህል ዩሪያ፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይጨመር፤ በአንዴ ከሆነ አሞኒያው ባክቴሪያውን ይገድለዋል። አፈሩ ሲጨበጥ የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማይንጠባጠብበት ይሁን። ዋልካ ከሆነ ገለባ ቀላቅሉበት፣ አለዚያ አየር አይገባውም። በዚህ መንገድ ናፍጣና ቤንዚን ይቀንሳሉ፤ እርሳስ የተገኘበት ክምር ግን ለብቻው ይቀመጥ፣ ባክቴሪያ አይነካውም።