ሞራ የምታነብ መርማሪ፦ የጋራ ልብ ወለዳችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ረቂቅ ሐሳባችንን የምናስገባው በወሩ መጨረሻ ነው። እስካሁን የተስማማነው ታሪኩ እዚሁ ሰሜን ሸዋ እንዲሆን፣ ግድያ ቢኖርም ደም እንዳይበዛበትና ቤተሰብ አብሮ የሚያነበው እንዲሆን ነው። መርማሪዋ ፖሊስ ሳትሆን ሞራ የምታነብ፣ ማለትም የታረደ ከብት ሞራ አይታ የተሰወረውን የምትናገር ባልቴት ናት። መንደርተኛው ቀን ያማታል፣ ሲጨንቀው ማታ በሯን ያንኳኳል። ያልቋጨነው አንድ ነገር ነው፤ ኃይሏ የእውነት ይሁን ወይስ የሰው ወሬ ብቻ?

የመንዝ ልጅ፦ የእውነት ይሁን እንጂ! አለዚያ ተራ የወንጀል ታሪክ ነው የሚሆነው። ቦታውን ጓሳ፣ የመንዝን የሣር ደጋ እናድርገው። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጉም ሲወርድ ከፊትህ የሚሄደው ሰው ይጠፋሃል። ሣሩ ቀሮ በሚባለው የአገሬው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር፤ ሲከፈት ቤት ይከደንበት፣ ገመድ ይገመድበት፣ ገሳ ይሠራበት ነበር። ታዲያ ጓሳው ተዘግቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ገና ሳይከፈት ጠባቂው ሞቶ ተገኘ እንበል። ዘመኑ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ያኔ ሥርዓቱ ገና አልላላም።

መምህርት፦ ጓሳውን በጣም ወድጄዋለሁ። ስለ ኃይሏ ግን እናስብበት። እንግሊዛዊው ቄስ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለምርመራ ደራስያን አሥር ሕግ ሲያወጣ፣ ሁለተኛው ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ነገር ፈጽሞ አይግባ የሚል ነበር። አንባቢው ከመርማሪው እኩል ፍንጩን አይቶ ራሱ መፍታት መቻል አለበት። ባልቴቷ ሞራ ገልጣ ገዳዩን ከነስሙ ካወቀች አንባቢው ምን ሥራ ቀረለት?

ጡረተኛው ዳኛ፦ ልጆቼ፣ ነገሩ ከአንባቢ ደስታም ያልፋል። በእኛ አገር እኮ እንዲህ ያለው ነገር ፍርድ ሰጥቷል። ሌባ ሻይን አስቡት። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ያጨሳል። ራሱን ስቶ ሲነሣ ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ይዘውት ከቤት ቤት ይከተሉታል። ልጁ ተዝለፍልፎ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ፣ የሰውየውን ቃል የሚሰማ የለ። በሌላ በኩል አውጫጭኝ ነበረ፤ አገሬው ይሰበሰባል፣ ያየም የሰማም ምሎ እስኪናገር አይበተንም። እሱም ገበሬውን ሥራ እያስፈታ ያንገላታ ነበር፤ ቢሆንም የሰው ቃል ይሰማበታል። ባልቴቷ «ሞራው እከሌ ነው አለኝ» ካለች የምናነግሠው ሌባ ሻይን ነው። ስለዚህ ሞራው ጥያቄ ይስጣት እንጂ ስም አይስጣት። ገዳዩ አውጫጭኝ ላይ፣ ሁሉም በዓይኑ በሚያየው ነገር ይጋለጥ።

አንኮበሬ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልቤ ላይ የነበረውን ነው የተናገሩት። እኔ የምጨምረው ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ነው። በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ቡዳ እየተባሉ ስንት ዘመን ተገፍተዋል! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ መስደብን ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። በመጽሐፋችን ውስጥ ሰው ቡዳ በልቶት የሚታመምበት አንድም ገጽ እንዳይኖር እለምናለሁ። በታሪኩ አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኑር፤ እሷም ተጠርጥራ ነጻ የምትወጣ ምስኪን ብቻ አትሁን። የገንቦ ስብራት የዛሬ ይሁን የከረመ የምትለየው እሷ ናት፤ በሙያዋ ለባልቴቷ ትርዳት።

የመንዝ ልጅ፦ ገባኝ። እንዲህ ከሆነስ? ሞራው የሚያሳያት «ሞቱ የመጣው ከቅጥር ውስጥ ነው» የሚል ምልክት ብቻ ነው፤ የማን ቅጥር እንደሆነ አይናገርም። ቀጥሎ አንድ ቤት ቡና ተጠርታ ሄዳ ጥጃ የታሰረበት ገመድ ታያለች። የከረመ የጓሳ ገመድ ይሻግታል፣ ይሰባበራል። ይሄ ግን ገና ለምለም ነው፣ አረንጓዴው አልለቀቀውም። ጓሳው ከተዘጋ ስንት ዓመቱ! ታዲያ ሣሩ ከየት መጣ?

መምህርት፦ ይኸውልህ፣ ተፈታ! ገመዱ በሁለተኛው ምዕራፍ ጥጃው ሲታሰር እንዲሁ ተጠቅሶ ይለፍ። አንድ ምዕራፍ ደግሞ ለደብረ ብርሃን ገበያ ይተውልን። ከተማዋን የቆረቆሯት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕዝቡ «ክህድክዎ ለሰይጣን» (ሰይጣንን ክጄዋለሁ) የሚል ጽሑፍ በአካሉ ላይ እንዲያደርግ ያዘዙ ንጉሥ ናቸው። ሞራ የምታነብ ሴት እዚያ ስትገባ ነጠላዋን ለምን እንደምትከናነብ አንባቢው ይገባዋል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ሰነዱ ላይ የማሰፍረው ይህን ነው። «ኃይሏ እውነተኛ ነው፤ ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ማንንም አይከስም። ገዳዩ የሚለየው አንባቢው አስቀድሞ ባየው ማስረጃ፣ በአውጫጭኝ ፊት ነው። የእጅ ሙያተኞችን የሚያሳንስ እምነት እውነት ሆኖ አይቀርብም።» የሚቃወም አለ?

አንኮበሬ፦ የለኝም። ረቂቁ ከመግባቱ በፊት ግን እዚህ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ይስሙት፤ አንብቤላቸው አስተያየታቸውን አመጣለሁ።

ጡረተኛው ዳኛ፦ የአውጫጭኙን ምዕራፍ እኔ እጽፋለሁ። የመሐላውን ሥርዓት ከአባቴ የሰማሁት አለ።

ጸሐፊ፦ ተመዝግቧል። የመንዝ ልጅ የመጀመሪያውን፣ መምህርት ሁለተኛውን ይዛችኋል፤ እስከ ቅዳሜ ላኩልኝ።