«ይጠዘጥዘኛል» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

እናቴ የመንዝ ሴት ናት፤ 67 ዓመቷ ነው። ውጭ አገር ያለች እህቴ ያገኘችላት ሐኪም ሕመሟን በእንግሊዝኛ እንድገልጽለት ጠይቆኛል። የእሷ ቃል ይህ ነው፦ «ቀን ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፤ ሌሊት ብርዱ ሲገባ ይጠዘጥዘኛል።»

መጀመሪያ ሁሉንም «ፔይን» ብዬ ላክሁ። ሐኪሙ «ዓይነቱን ለይተህ ጻፍ» አለኝ። መዝገበ ቃላቴ ግን «ኤክ»ንም «ሶር»ንም «ሕመም» ብሎ ያልፋቸዋል። በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውን የማክጊል የሕመም መጠይቅ አገኘሁ፤ 78 ቃላት በ20 ምድብ ይዟል። እዚያ «ትሮቢንግ» እንደ ልብ ትርታ ከሚመታው ሕመም ጋር ተመድቧል፤ «ኤኪንግ» ደግሞ ስል ካልሆነውና ከሚከብደው ጋር። ቁርጥማቱን ለ«ኤኪንግ» ሰጠሁት፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቆይ ነውና።

ጥዝጣዜው ግን አስቸገረኝ። እናቴን ደውዬ ስጠይቃት «እንደ ልብ አይመታም፤ ግን ከፍ ዝቅ እያለ ሲያነጋ ያድራል» አለችኝ። በተሳሳተ ቃል ሐኪሙን ወደ ሌላ በሽታ እንዳልመራው እፈራለሁ። የሰሜን ሸዋን አነጋገር የምታውቁ የጤና ባለሙያዎች፣ «ይጠዘጥዘኛል» የሚል ታማሚ ሲመጣ በካርዱ ላይ የምትጽፉት «ትሮቢንግ» ነው ወይስ «ኤኪንግ»?