ክርክር፦ አዲስ አውቶብስ ለፒያሳ–አዘዞ ይመደብ ወይስ ለዳር ሰፈሮች?

ጥያቄው ይሄ ነው። ጎንደር ውስጥ አውቶብስ ቢጨመር ቅድሚያ ለማን ይሰጥ? ሰልፍ ለበዛበት ለፒያሳ–አዘዞ መስመር ወይስ ታክሲ ለማይረግጣቸው ዳር ሰፈሮች?

የአዘዞው፦
ሰው ባለበት ይመደብ። ጠዋት አዘዞ ላይ ተማሪውም ሠራተኛውም ተሰልፎ ነው የሚያረፍደው። አንድ አውቶብስ እዚህ በአንድ ምልልስ የሚያነሳውን ሰው ዳር ሰፈር ቀኑን ሙሉ ቢዞር አያገኝም። ባዶ ወንበር ማመላለስ ፍትሕ አይባልም።

የወለቃዋ፦
ወንድሜ፣ ሰልፉ እውነት ነው። እኔም ቆሜበታለሁ። ግን ሰልፍ ያለው ታክሲ የሚመጣበት ቦታ ነው። በማይመጣበት ማን ይሰለፋል? ሰዉ በእግሩ ይሄዳል፣ ካልሆነም ከነጭራሹ ይቀራል። ቆጣሪ ፌርማታ ላይ ቆሞ የተሳፈረውን ሲመዘግብ፣ የቀረው ሰው ወረቀቱ ላይ የለም። ከዚያ «ተሳፋሪ የለም» ይባልና መስመሩ አይከፈትም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ሸክላ ይዘው ገበያ ሊወርዱ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ሁለት እንስራና አንድ ምጣድ፣ በጭድ የተጠቀጠቀ። ሦስት ሚኒባስ አለፋቸው። አራተኛው ቆመና ረዳቱ ጭነቱን ሲያይ «ይሰበራል፣ ቦታም ይይዛል» ብሎ በሩን ዘጋው። ባጃጅ ኮንትራት ቢይዙ የምጣዱ ዋጋ እዚያው ያልቃል። እንስራውን በጀርባቸው አዝለው፣ ምጣዱን ለልጃቸው አሸክመው በእግር ወረዱ። እኚህን ሴት የትኛው ቆጠራ ያገኛቸዋል?

ሾፌሩ፦
እህቴ፣ በረዳት ብቻ አትፍረጂ። ዳር ሰፈር ስገባ ሞልቼ ወጥቼ ባዶዬን ነው የምመለሰው። ዳገቱና ኮብልስቶኑ ጎማ ይበላል፣ ነዳጁም እንደምታውቂው ነው። የቀን ገቢ ለባለቤቱ አስረክቤ ነው ወደ ቤቴ የምገባው። አንዳንዱ ሾፌር መስመር የሚያቆራርጠውም በዚሁ ነው። አውቶብስ ከመጠበቅ ስምሪቱ ይስተካከል። አዘዞ ሦስት ተራ የጫነ አንዱን ተራ ዳር ሰፈር ይጫን። ሁሉም እኩል ከዞረ እኔ አልከፋም።

የማራኪው፦
የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ፣ ግን የሚቆጣጠር ይፈልጋል። ሌላው ዓለም ለዳገት ሰፈር ምን እንዳደረገ ላንሳ። ኮሎምቢያ ውስጥ ሜደሊን የምትባል ከተማ አለች። ድሃው ተራራው ላይ ነው የሚኖረው። በ2004 እ.ኤ.አ. በገመድ የሚሄድ ትራንስፖርት ዘርግተው ከከተማው ባቡር ጋር አገናኙት። ጎንደር ገመድ ትዘርጋ አላልኩም። እነሱ ዳገቱን ከእቅዱ አላወጡትም ለማለት ነው።

የወለቃዋ፦
ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሰው ሐሳቡን እንዲጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ግን ስብሰባው በሥራ ቀን ፒያሳ አዳራሽ ከተጠራ ሸክላ ሠሪዋ በምን ትመጣለች? ታክሲ ስለሌለ የምታማርር ሰው ለስብሰባው ታክሲ ከየት ታመጣለች? ጠያቂው ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት መንገዱ ላይ ይቁም። በእግሯ የምትወርደውን «ከየት ተነሳሽ? ስንት ሰዓት ወሰደብሽ? ታክሲ ብታገኚ ስንት ትከፍያለሽ?» ብሎ ይጠይቃት። አውቶብሱ የሚመደበው ከዚያ በኋላ ነው።

የአዘዞው፦
የእኛ ሰልፍ አሁንም መፍትሔ ይፈልጋል፤ እሱን አልለቅም። የሾፌሩ ተራም ሰልፉን እንዳያረዝምብን እሰጋለሁ። ቆጠራው ላይ ግን ተረትቻለሁ። እናቴ የምትኖረው ከአዘዞ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብላ ነው፣ በእግር 40 ደቂቃ። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ክሊኒክ የምትሄደው እኔ ሳርፍ ብቻ ነው። ስለ ሰልፉ ስጽፍ እሷ ትዝ አላለችኝም ነበር።