ወላጆቼን ወደ ባቫሪያ አልፕስ (የደቡብ ጀርመን ተራሮች) ልወስዳቸው ነው፤ የት ላሳርፋቸው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አባቴና እናቴ ከተጋቡ 40 ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ከመስቀል በኋላ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ለእኛ ሲሉ አንድ ቀን እንኳ ሳያርፉ ነው ያሳደጉን፤ አሁን ላንደላቅቃቸው ብዬ ቆጥቤያለሁ። ያለን አንድ ሳምንት ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ሁለቱም ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። የኖይሽቫንሽታይንን ቤተ መንግሥት፣ የትሱግሽፒትሰን ተራራ፣ የኮኒግስዜን ሐይቅ ሁሉ ማየት ይቻላል?

የሙኒኩ፦ ይቻላል፤ ግን በየቀኑ ሻንጣ አታሸክሚያቸው። አራት ሌሊት ጋርሚሽ ከተማ፣ ሦስት ሌሊት ኮኒግስዜ አጠገብ ባለችው ቤርሽተስጋደን ያዢ። በመካከላቸው በመኪና ከ2 ሰዓት በላይ ነው። የቡድን 7 መሪዎች በ2015 እና በ2022 የተሰበሰቡበት ሽሎስ ኤልማው ሆቴል ከጋርሚሽ ብዙ አይርቅም፤ ጸጥታው ልዩ ነው። ወጣ ብለው ሰው ማየት ከወደዱ ግን ከተማው ውስጥ ያለ ሆቴል ይሻላቸዋል።

ሰላማዊት፦ እህቴ፣ ለእናትሽ ኖይሽቫንሽታይን ይቅርባቸው። ዳገት አለው፤ ውስጡም መወጣጫ ደረጃ ይበዛዋል። በምትኩ ሊንደርሆፍ ውሰጃቸው። ትንሽ ነው፤ የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ ካሠራቸው ውስጥ በሕይወት ሳለ ያለቀለት ብቸኛው ቤተ መንግሥትም እሱ ነው። ኖይሽቫንሽታይንን ከታች ሆነው ቢያዩት ይበቃል።

የአዲስ አበባው፦ ትሱግሽፒትሰ 2,962 ሜትር ነው። ከአይብዜ ሐይቅ ኬብል መኪናው በ10 ደቂቃ ገደማ ያወጣል። ወላጆችሽ የደጋ ሰው ስለሆኑ ከፍታው ብዙም አይከብዳቸውም፤ ብርዱ ግን ይከብዳል፤ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ያዢላቸው። ጥርት ባለ ቀን ብቻ ውጡ፤ ደመና ከሆነ ምንም አይታይም።

ማርታ፦ ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ፦ እዚያ ሆቴሎች ውስጥ ሳውና (ላብ የሚያስወጣ የሙቀት ክፍል) የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ዕርቃን ነው፤ ወንድና ሴት አብሮ። እኔ እናቴን ሳላስጠነቅቅ ወስጃት በጣም አፍራ ወጣች፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በዋና ልብስ የሚገባበት እንዳለ ቀድመሽ ጠይቂ። ለጾሙ ደግሞ ክፍሉን ስትይዢ «ረቡዕና ዓርብ ቪጋን» ብለሽ አስጽፊ። ቅቤም ወተትም እንዳይነካው በግልጽ ንገሪያቸው።

የሙኒኩ፦ ኮኒግስዜን ለመጨረሻ አስቀምጪው። ጀልባዎቹ ከ1909 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ስለሚሄዱ ድምፅ የላቸውም፤ መሀል ላይ ቆመው ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ገደሉ ይመልሰዋል። እናትሽ ከጀልባ ሳይወርዱ ሁሉን ያያሉ። በዚያው ሰሞን ላሞቹ ከተራራው ግጦሽ በጀልባ ተጭነው ይመለሳሉ። በጋውን አንድም አደጋ ካልደረሰባቸው ራሳቸው ላይ በቀለማት ያሸበረቀ ጌጥ ይደረግላቸዋል። ቀኑን አየሩ ነው የሚወስነው፤ ሆቴሉን ደውለሽ ጠይቂ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አባቴ ከብት ጠባቂ ሆኖ ነው ያደገው። ላሞቹን ካላየ አንመለስም፤ ዛሬውኑ እደውላለሁ።