የናሙናው ጠርሙስ ተሰንጥቆ ፎርማሊኑ ፈሰሰ፤ አሁን ምን ላድርግ?

የሳቢያኗ፦
እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። ለምርመራ የተሰጠን የሥጋ ናሙና ያለበት ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ተሰንጥቆ ፎርማሊን የሚሉት፣ ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርገው ፈሳሽ በሙሉ ፈሰሰ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሥጋውን በሶፍት ጠቅልዬ ሳህን ላይ አስቀምጬዋለሁ። በረዶ ቤት ላስገባው? ውሃ ልጨምርበት? ክሊኒኩ ዘግቷል፤ የሐኪሙም ስልክ አይነሣም።

መልካ ጀብዱ፦
የምን ሥጋ ነው? ከማን የተወሰደ? አንቺስ የት ነው ያለሽው? ለማንኛውም አልኮል እንዳይበላሽ ያደርጋልና ካቲካላ ውስጥ ክተቺው።

ሲስተር ዘ፦
ካቲካላ በፍጹም! ውሃም አይጨመርበት፤ በረዶ ቤትም አይግባ። ውሃ ሕዋሶቹን ያሳብጣቸዋል፣ በረዶ ደግሞ ይሰነጣጥቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር አይኖርም።
እህቴ፣ መጀመሪያ መስኮቱን ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ፤ የፎርማሊን ትነት ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ሶፍቱን ቀስ ብለሽ አንሺው፤ እርጥበቱን ይመጥበታል፣ ይጣበቅበታልም። ከመድኃኒት ቤት ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ)፣ ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) እና ክዳኑ የሚጠመዘዝ አዲስ የሽንት መመርመሪያ ዕቃ ግዢ። ጎዙን በሳላይን አርጥበሽ ሥጋውን ጠቅልይበት፣ ዕቃው ውስጥ አድርገሽ ግጠሚው። ይህ ለጥቂት ሰዓት ማቆያ ብቻ ነው። ወዲያው ተነሥተሽ የቀዶ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂና ፎርማሊን ጠይቂ። እንዲህ ያለ ቦታ ፎርማሊን አይጠፋም።

ጋሽ ለገሃር፦
ልጄ፣ ከመነሻው ለምን አስቆረጣችሁ? እንዲህ ያለ ቁስል ብረት ሲነካው ተቆጥቶ ይሠራጫል። ስንቱን አይተናል።

የሳቢያኗ፦
ጋሼ፣ የእማዬ ነው። ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነገር ወጥቶባት እሾህ የወጋኝ ቦታ ነው ስትል ከረመች። አሁን እየሰፋ መጣ፣ ይደማልም። ሐኪሙ ካንሰር እንዳይሆን ብሎ አወጣውና ሐረር ላቦራቶሪ አድርሱ አለን። ድሬዳዋ ነኝ፤ ሳላይኑን ልገዛ እየወጣሁ ነው።

ደቻቱ፦
ሐኪሙ ያስፈራራችሁ ነው የሚመስለኝ። የቆዳ ካንሰር የፀሐይ በሽታ ነው፤ ውስጥ እግር ፀሐይ መቼ ያየዋል? ጥቁር ሰውንስ መቼ ይይዘዋል?

አምስተኛው በር፦
ይህን ነገር ከሥሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡ ሕዋሶች ሜላኖሳይት ይባላሉ፤ ከእነርሱ የሚነሣው ካንሰር ሜላኖማ ነው። ከዚህ ሌላ መርክል ሴል ካርሲኖማ የሚባል ብርቅ፣ ግን እጅግ ፈጣን የቆዳ ካንሰር አለ፤ በአብዛኛው ፀሐይ የሚያገኘው የአረጋውያን ቆዳ ላይ የማያም ቀይ ወይም ወይን ጠጅ እብጠት ሆኖ ይጀምርና በሳምንታት ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የፒትስበርግ ተመራማሪዎች በብዙዎቹ እብጠቶች ውስጥ ፖሊዮማ ቫይረስ አገኙ። በ2017 ደግሞ አቬሉማብ የተባለ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደለት። እንግዲህ የመርክልን ሕዋስ አፈጣጠር ስንመለከት…

መልካ ጀብዱ፦
ወንድሜ፣ ልጅቷ የተሰበረባት ጠርሙስ ነው! ካቲካላዬንም አንሥቻለሁ፤ ለእናትየው የምሥራች ቀን ይቆይ።

አምስተኛው በር፦
እሺ፣ ላሳጥረው፤ የደቻቱ ነገር ግን ሳይመለስ አይታለፍም። ሜላኖማ በጥቁር ሰው ላይ ከነጮች በጣም ያነሰ ነው፤ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። ይህ ዓይነቱ ከፀሐይ ጋር እምብዛም ግንኙነት የለውም። ቦብ ማርሌይን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የነበረው ቁስል የኳስ ጉዳት ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ። በ1981 ሲያርፍ ገና 36 ዓመቱ ነበር። ሰው የሚሞተው «እሾህ ነው» እየተባለ ጊዜ ሲያልፍ ነው፤ ለዚህ ነው የምጮኸው።

ሲስተር ዘ፦
ጋሽ ለገሃር፣ በአክብሮት ልንገርዎት፤ ናሙና መውሰድ ሜላኖማን አያሠራጭም። ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚመጣው ዘግይቶ፣ በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ስለሆነ ምላጩ አሠራጨው ይባላል። ቁስሉን በእሳት መተኮስ ወይም በሚያቃጥል ቅጠል ማከም ግን እውነትም ይጎዳል፤ የሚመረመረውንም ያጠፋል።

ሐረር ላቦራቶሪ፦
ሥራዬ ናሙና መቀበል ነው። ሲስተር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ የምጨምረው አለ።
ፎርማሊኑ 10 በመቶ የሚባለው ይሁን፤ መጠኑ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ። ፎርማሊን ወደ ሥጋው የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ እስካሁን የቆየበት ሰዓት አልባከነም። አፈ ሰፊ ዕቃ ተጠቀሚ፤ ሥጋው ሲጠነክር ከጠባብ ጠርሙስ አይወጣም። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ሥጋው የተወሰደበትን የሰውነት ክፍልና ቀኑን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ጻፊ፤ ክዳን ይቀያየራል። የሐኪሙን ወረቀት በሌላ ላስቲክ ያዢ። ፎርማሊን ውስጥ ከገባ በኋላ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ጫት ሳይጠወልግ ከአወዳይ ድሬዳዋ የሚያደርሱ ሾፌሮች አሉን፤ ይህን ግን ራስሽ ይዘሽ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ውጪ እንጂ ለሾፌር አትስጪ።
ደግሞ «ለሁለት ከፍለን አንዱን አዲስ አበባ እንላክ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እንዳትቆርጡት! ሜላኖማ ከሆነ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በውፍረቱ ነው። እስከ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ተጨምሮ ይቆረጣል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ 2 ሳንቲ ሜትር። የተቆረጠ ናሙና ልኩን ያሳስታል። ሌላ ሐኪም እንዲያየው ከፈለጋችሁ ምርመራው ሲያልቅ ብሎኩን (ሥጋው የተቀበረበትን ሰም) እና ስላይዱን (ለማይክሮስኮፕ የተዘጋጀውን መስታወት) ጠይቃችሁ ጥቁር አንበሳ መውሰድ ትችላላችሁ።

ከዚራ፦
ሳላይን ያረጠበው ጎዝ፣ ከዚያ ፎርማሊን። ካቲካላ እንዳታደርጊ።

ሲስተር ዘ፦
አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ፦ ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት አለ? ካለ ለሐኪሙ ዛሬ ነገ ሳትዪ ንገሪው፤ ከእግር የሚነሣው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ካለም ተስፋ አይቆረጥም፤ ሕክምናው ግን ይለያል።

የሳቢያኗ፦
በጎዝ ጠቅልዬዋለሁ። ንፍፊቱን አላየሁም፤ አሳያታለሁ። ባጃጅ መጣልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ጋሽ ለገሃር፦
ሂጂ ልጄ፣ አብሽሪ። እናትሽን ይማርልሽ።

ታይዋን ሰፈር፦
ይቅርታ፣ እኔም ልጠይቅ። ሁለቱም እጄ ላይ ጥፍሮቼ ቡናማ መስመር አላቸው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ።

ሲስተር ዘ፦
በብዙ ጥፍር ላይ የቆየ ቀጭን መስመር በጥቁር ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ከወጣ፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ጥፍሩን ከሰነጠቀው ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ከፈሰሰ ግን የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። የጥፍር ቀለምሽን አስለቅቀሽ ይሁን፤ ካልሆነ አያዩትም።