ተማሪዎቼ የአንበሶችን ምልልስ (በአንድ መስመር ወዲያና ወዲህ መመላለስን) በአንድ መለኪያ እንዲመዘግቡ እንዴት ላድርግ?

በአዲስ አበባ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ስሆን፣ የተፈጥሮ ክበባችንን ተማሪዎች ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው አንበሳ ግቢ እየወሰድሁ የእንስሳት ባህርይ ጥናትን በተግባር አስተምራለሁ። የእነዚህ አንበሶች ዘረመል ልዩ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ስለዚህ ልጆቹ አይተው ከመመለስ አልፈው ጥበቃው የሚጠይቀውን ሳይንስ ቢለማመዱ እወዳለሁ።

አሠራራችን ቀላል ነው። ሁለት ሁለት ተማሪዎች አንድ አንበሳ ይከታተላሉ፤ በየአምስት ደቂቃው ምልክት ስሰጥ እንስሳው በዚያች ቅጽበት የሚያደርገውን ሳይነጋገሩ ይጽፋሉ። ችግሩ ጥንዶቹ አለመስማማታቸው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን የሚያርገበግበውን አንበሳ አንዱ «ተኝቷል»፣ ሌላው «አርፏል» ይል ነበር፤ ይህ «ዓይን ከተጨፈነ እንቅልፍ ነው» የሚል ደንብ ስጽፍላቸው ተስተካከለ። በአጥሩ ጥግ በዚያው መስመር የሚመላለሰው ግን እስካሁን አልተፈታም፤ አንዱ «ይራመዳል» ሲል ሌላው «ተጨንቋል» ይላል። የምርኮ ኑሮ ጫናን ሊጠቁም የሚችለው ደግሞ በተለይ ይህ ምልልስ በመሆኑ፣ ከተራ እርምጃ ጋር ተደባልቆ እንዲቀር አልፈልግም። ስልክ ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት ስለተከለከለ ቪዲዮ መቅረጽ አንችልም፤ ያለን ወረቀት፣ እርሳስና አንድ የእጅ ሰዓት ነው።

በእንስሳት ባህርይ ጥናት የሠራችሁ ባለሙያዎች፣ የቅጽበት ምዝገባ የሚያካሂዱ የ15 ዓመት ልጆች ምልልስን ከተራ እርምጃ የሚለዩበት፣ በዓይን ብቻ የሚታይ መለኪያ ምን ቢሆን ይሻላል?